ጸጥ ያለው ፍሬን

አናጺው ዛሬ በእግሩ መጣ።

ይኼ ብቻውን ለሰፈሩ ወሬ ነው። እሱ የሚመጣው ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ጣውላ በተሸከመች አሮጌ ፒካፕ ነበር። ገና መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ የምታሰማው ጩኸት ጥርስ ያጠርሳል፤ የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ልጆቹ «ሲጢጥ» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ስሙ ከልጆቹ ወደ እናቶቹ፣ ከእናቶቹ ደግሞ ወደ ፋርማሲስቷ ቤት የምሳ ጠረጴዛ ተሻገረ። ዛሬ ግን ምንም ሳይሰማ፣ የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ተቀዶ፣ ከፋርማሲው ባንኮኒ ፊት ቆሞ ተገኘ።

ፋርማሲስቷ ለአንዲት አሮጊት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳች ነበር። ዓይኗ ከተቀደደው እጅጌ ላይ ሲያርፍ ቃሏ መሃል ላይ ቀረ። አሮጊቷ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ሽሮፗን ይዛ ወጣች። የዚህ ሰፈር አሮጊቶች መቼ መውጣት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የት ቆመው መስማት እንዳለባቸውም እንዲሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ወንድምሽ ሊገድለን ነበር።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ይበልጥ ያስፈራትም ይኼው ነው፤ እሱ ሲስቅም ሲያወራም ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር።

«ጠዋት እናቴን ወደ ዓይን ሐኪም እየወሰድኳት ነው» አለ። «ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ እምቢ አለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ወደ ግራ ጎትታን ሄደች። ከፊት ለፊት አውቶቡስ ይመጣል። የግንበኞቹ የአሸዋ ክምር እዚያ ባይኖር...» አልጨረሰውም። «እናቴ በእጇ ዳሽቦርዱን ደግፋ ነበር። አንጓዋ ተሰብሯል።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ቤት። በጄሶ ታስራ። መኪናዋንም ግንበኞቹ ከአሸዋው አውጥተው ቤት ድረስ ጎትተውልኛል።»

«እና ወንድሜ ምን አደረገ?»

«እሁድ ዕለት በራችሁ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ምን አለኝ? ‹ይቺን ቆርቆሮ ሁለተኛ እዚህ እንዳላያት፤ ካየኋት እኔው አስቆማታለሁ› አላለኝም? ትናንት ማታ ደግሞ ፍሬኗ ድንገት ዝም አለች። እኔ ጅሉ ደስ አለኝ፤ በራሷ ዳነች ብዬ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሲጮህ የኖረ ብረት በራሱ ዝም አይልም፤ ሰው ነክቶታል። አሁን ቤት ሄጄ ጎማውን እፈታለሁ። ያሰብኩትን ካገኘሁ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ያን ጊዜ ወንድሜን ማርልኝ ብለሽ እንዳትመጪ።»

እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ሆኖም የወጣው ሌላ ነገር ነው። «ምን አገኛለሁ ብለህ ነው?» አለችው፣ ምንም የማታውቅ መስላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«የሰው እጅ» አለና በሩን ገፍቶ ወጣ።

በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ አላሰማም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያው በር ነው። ማጠፊያው ሲጮህ ጊዜ ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው የፓራፊን ዘይት አንስታ ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ ሆድ ለደረቀበት ሰው የሚሸጠውን ማለት ነው። በሩ ዝም አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ አናጺው ፒካፗን ፋርማሲው ፊት አቁሞ ማዶ ላሉ ደንበኛው መደርደሪያ ሊያደርስ ሲሄድ፣ ያንኑ ዘይት በሲሪንጅ ቀድታ ወጣች። ጩኸቱ ከሚወጣበት፣ በስተቀኝ ካለው የፊት ጎማ አጠገብ ተንበርክካ፣ በቸርኬው ቀዳዳዎች አሾልካ፣ ውስጥ በሚያብለጨልጨው ዲስክ ላይ ረጨችው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ይጮሃል፤ ዘይት ሲነካው ይተዋል። ይህን ያህል ነበር ያሰበችው። ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሳትጠይቅ አንዲት ክኒን ከእጇ የማትወጣ ሴት፣ ለመኪና ሲሆን ሳትጠይቅ መድኃኒት ሰጠች።

ለምን? ትወደዋለች። ከጣቶቹ የማይለቀውን የእንጨት ሙጫ ሽታ ሳይቀር ትወዳለች። ግን ያ ጩኸት ከመታጠፊያው በተሰማ ቁጥር ትከሻዋ ይኮማተራል፤ እናቷ ማንኪያቸውን አቁመው «ሲጢጥሽ መጣ» ሲሉ፣ ወንድሟ ሲስቅ ይታያታል። ያን ሳቅ ልታጠፋ ብላ ፍሬኑን አጠፋች። አሁን ይህን ብትነግረው የሚሄደው ለዘለዓለም መሆኑን አወቀች፤ ባትነግረው ደግሞ ወንድሟ ያለ ኃጢአቱ ይታሰራል። ባንኮኒውን ይዛ ቆመች፤ በራሷ ላይ የነደደው ንዴት እንባ እንኳ አላስወጣ አላት።

ምሳ ሰዓት ቤት ስትገባ እናቷና ወንድሟ ተቀምጠዋል። ቤቱን ያሠሩት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ወንበራቸውንም ቁጣቸውንም የወረሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። መሐንዲስ ነው። ሥራው ድልድይ መገንባት ነው ይባላል፤ ቤት ውስጥ ግን አጥር ማጠር ይቀናዋል።

«ዛሬ ሰፈራችን እንዴት ጸጥ ብሏል» አሉ እናቷ።

«ሲጢጥ ቆርቆሮውን ለብረት ለቃሚ ሸጦት ይሆናል» አለ ወንድሟ።

ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «መኪናው አሸዋ ክምር ውስጥ ገብታለች። እናቱ እጃቸው ተሰብሯል። ፍሬኑን የነካው ወንድምሽ ነው ብሎ ፖሊስ ጋ ሊሄድ ነው።»

የወንድሟ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ ቱግ ብሎ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «እኔ? እኔ የሰው ፍሬን የምነካ ሰው ነኝ? ፊት ለፊት ሰድቤዋለሁ፤ አልክድም። አሁንም ቢመጣ እሰድበዋለሁ። ከጀርባ ሄጄ ግን... ወንድ ከሆነ እዚህ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይበለኝ።»

«አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ስለሆንኩ።»

እናቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፋርማሲስቷ የበሩን ማጠፊያ፣ ሲሪንጁን፣ ዘይቱን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ጉዱ። ወንድሟ ወንበሩን አንስቶ «በይ አሁኑኑ ሄደሽ ትነግሪዋለሽ» አለ። «የእኔ ስም ፖሊስ ጣቢያ አይጠራም።» እናቷ ደግሞ ጥቂት አሰብ አደረጉና ድምፃቸውን አለዘቡ። «ንገሪው እንጂ ልጄ። ይሻልሻል። ከነገርሽው ወዲያ እሱም እዚህ ደጅ አይደርስም፤ አንቺም ታርፊያለሽ» አሉ።

ደሟ ፈላ። በሲጢጥ ከመሳቅ በቀር ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ዛሬ እውነት ተናገሪ ብለው ተስማሙባት፤ አንዱ ስሙን ለማዳን፣ ሌላዋ ሰውየውን ለማባረር። ልትናገር ገና የቤቱን ደረጃ ስትወጣ ወስና ነበር። አሁን ግን ደግ ሥራዋ እንኳ የእነሱ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሆነባት።

«የአንዲት እናት እጅ ተሰብሮ» አለች፣ «እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁም።»

ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ ሄደች።

የአናጺው ግቢ ጠባብ ነው፤ ግማሹን የጣውላ ቁልል ይዞታል፣ ፍቅፋቂው ጫማ ውስጥ ይገባል። ፒካፗ በስተፊት በክሪክ ተነስታ፣ የኋላ ጎማዎቿ በእንጨት ታኮ ተይዘው ቆማለች። እናቱ በጄሶ የታሰረ እጃቸውን በሻርፕ ከአንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ትእዛዝ ይሰጣሉ። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ያ ግን ከልክሏቸው አያውቅም።

«ታኮው ላይ ድንጋይ ጨምርበት» ይላሉ። «ሌላ የሚሰበር እጅ የለኝም።»

ጠጋ ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«አለሁ ልጄ። እጄ እንጂ ምላሴ አልተሰበረም። ይኸው ሹራቡ እጅጌው ሳይገባለት ቀረ» አሉ፣ ጭናቸው ላይ ወዳለው ጅምር እያዩ።

አናጺው ቀና አላለም። «ነይ እዪ» አላት። መጀመሪያ ከግራው ጎማ ያወጣውን የፍሬን ሸራ አሳያት። «ይኼ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ አየሽ? አቧራ ጠጥቶ፣ በሙቀት ተጠብሶ ደርቋል። ሳስቷል ደግሞ። ፍሬን የሚጮኸው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሲጮህ የኖረው የቀኙ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ጩኸት ሰው አይገድልም፤ ቀይሩኝ ማለቱ ነው።» ከዚያ ወደ ቀኙ ዞሮ ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ረጠበ። «ይኼ ደግሞ ዘይት ጠግቧል። ግራው ሲይዝ ቀኙ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ጎትታ ወደ አውቶቡሱ የወሰደችን።»

«ከራሷ ፈሶ ቢሆንስ?» አሉ እናቱ ከበረንዳው።

«የፍሬን ዘይቷ ዕቃ ሙሉ ነው፤ ቱቦውም ደረቅ ነው። የሞተር ዘይት ቢሆን ይጠቁር ነበር። ይኼ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከውጭ ነው የተረጨው። ያውም አስቦበት በመጣ ሰው።» እጁን በጨርቅ ጠረገና ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «መሐንዲስ አይደል ወንድምሽ? በቃ፣ ሄድኩ።»

ወደ በሩ ሲራመድ ጀርባውን አየች። አሁን ዝም ብትል ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። ፈተናው ይህን ያህል ቅርብ፣ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

«ፓራፊን ነው» አለች።

ቆመ። «ምን?»

«ፓራፊን ዘይት። የሆድ ድርቀት መድኃኒት። ከፋርማሲው ነው የወሰድኩት። በሲሪንጅ። እኔ ነኝ።»

ከንፈሩ ሊስቅ ይመስል ተንቀሳቀሰ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «ለምን?»

«ጩኸቱ እንዳይረብሽህ ብዬ።»

«እኔን ረብሾኝ ያውቃል?»

አንገቷን ደፋች።

«ንገሪኝ እንጂ። እኔን ረብሾኝ ያውቃል?» እዚህ ላይ ድምፁ ወጣ። ትንሽ ቆሞ አያት፤ አንድ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። «ልወስድሽ ስመጣ ሮጠሽ ነው የምትገቢው። ገና በሩን ሳትዘጊ ‹ቶሎ በል፣ ቶሎ ሂድ› ትይኛለሽ። እኔ... ናፍቄያት ነው እል ነበር። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ስታየኝ ትቸኩላለች ብዬ ነግሬያታለሁ።» ጃኬቱን መሬት ላይ ጣለው። «ለካ እያፈርሽብኝ ነው።»

አይደለም ለማለት አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር። «አዎ» አለች። «አፍሬያለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጎማ መፍቻውን አንስቶ ወረወረው፤ ከጣውላው ቁልል ጋር ተጋጭቶ ሁለት ሦስቱን አንሸራተተ። «የእናቴ እጅ በአንቺ እፍረት ነው የተሰበረው? እሷ ሴትዮ ስምሽን ስትጠራ ልጄ እያለች ነው። አንቺ በእኔ አፍረሽ...»

«ቆይ» አለች። ከማለዳ ጀምሮ በራሷ፣ በእናቷ፣ በወንድሟ ላይ ሲጠራቀም የዋለው ንዴት አሁን መውጫ አገኘ። «የእኔን ሰማህ፤ የራስህንም ስማ። ይቺን ፍሬን አሠራት ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? መልስህ ምን ነበር? ‹ይስሙ፤ እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ተደብቄ አልመጣም።› ሸራው መሳሳቱን ዛሬ አይደለም ያወቅከው። ቀይሩኝ ማለቱ ነው አልክ አይደል? ታዲያ ለምን አልቀየርከውም? በወንድሜ ጆሮ ላይ እንድትጮህልህ ነው። ከእሱ ጋር የምትጣላው እኔን ረግጠህ ቆመህ ነው። አንተ ጮኸህ ትሄዳለህ፤ በየምሳው የምሰማው እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ዘይት ረጨሽብን።»

«ስለዚህ ዘይት ረጨሁባችሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ብቻዬን አልሰበርኳቸውም።»

«በቃ» አሉ እናቱ። ሹራቡ ከጭናቸው ወደቀ፤ ቆመዋል። «የተሰበረው የማን እጅ ነው?»

ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ሹራቡን አነሳላቸው።

«የማን ነው አልኩ?»

«ያንቺ» አለ ልጃቸው።

«እንግዲያው የምቆጣውም እኔ ነኝ። አንተ በኩራትህ ፍሬን ታስጮሃለህ። አንቺ በእፍረትሽ አፉን ትዘጊዋለሽ። እኔን መሃል አስቀምጣችሁ ቁልቁለት ለቀቃችሁኝ። አውቶቡሱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።» በደህናው እጃቸው ወደ ፒካፗ ጠቆሙ። «አሁን ይቺን መኪና ትሠራላችሁ። ሁለታችሁም። ሳትነጋገሩ። ስትነጋገሩ ራሴን ያመኛል።»

እምቢ የሚል አልተገኘም። አናጺው ከሐኪም ቤት ሲመለስ የገዛውን አዲስ ሸራ ከፈተ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ አሮጌዎቹን አውጥቶ ጣላቸው። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ሲዘረጋላት ተቀብላ ዲስኩን ፈተገች። በብርጭቆ ወረቀት አሻሸችው፣ እንደገና አጠበችው፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደገመችው። የጣቷ መገጣጠሚያ ተልጦ ደማ፤ አላቆመችም። እሱ አየው። የአዲሱን ሸራ ጀርባ በወፍራም የፍሬን ቅባት በስሱ ሲነካካው አፍጥጣ ስታይ የእናቱን ትእዛዝ ረሳ። «ከጀርባው ብቻ» አለ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ። «ፊቱን ጣትሽ እንኳ እንዳይነካው።» ከዚያ ሁለቱም በረንዳውን አይተው ዝም አሉ። የጎማውን ቡሎኖች ሲያጠብቅ እንደ ጠላት አንገት ነው የጠመዘዛቸው። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ እስኪጠነክር።

«ልሞክራት ነው» አለ ለእናቱ። «ማንም አይገባም።»

ፋርማሲስቷ የወዲያኛውን በር ከፍታ ገባች።

«ውረጂ።»

«አልወርድም።»

«ባይዝስ?»

«ባይዝ ከእኔ ሌላ ማን ይገባዋል?»

«ውረጂ ብዬሻለሁ።» ቀበቶዋን አሰረች። ጥርሱን ነክሶ ሞተሩን አስነሳ።

ሜዳ ሜዳውን ቀስ እያለ ሄደ፤ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይረግጣል። አዲሱ ሸራ ሲሞቅ ሽታው ገባ። ጩኸት የለም። ወደ ቁልቁለቱ ለመድረስ በእሷ ቤት በኩል ማለፍ ግድ ነው። በሩ ላይ ወንድሟ ቆሟል።

«ወንድምሽ ነው» አለ ሳያያት። «ዝቅ በይ እንጂ።»

ቃሉ ቆረጣት። «አቁም» አለች። አቆመ። መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ጸጉሯ ተበትኗል፣ ነጩ ጋዋን ጠቁሯል፣ ግንባሯ ላይ ቅባት አለ።

«ነገርሽው?» አለ ወንድሟ።

«ነገርኩት።»

«ታዲያ አሁንም ከእሱ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?»

«እወደዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለወጣ ማዶ ቆማ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ሳትቀር ዞር ብላ አየች። «ለእማዬም ንገራት። በእሱ ማፈሬን ትቻለሁ፤ በእናንተ ነው ያፈርኩት። ሂድ» አለች፤ የመጨረሻው ለአናጺው ነበር።

አናጺው ማርሽ አስገባ። ፒካፗ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ደፋች። ፍጥነት ጨመረ። የአሸዋው ክምር በስተግራ ታየ፤ መሃሉ ላይ ጠዋት የተቀበረችበት ጉድጓድ አሁንም አለ። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ረገጠ። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል፣ ቀጥ ብላ፣ መንገዱ መሃል ላይ ቆመች።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ስታየው፣ መኪናዋ ከቆመች በኋላም እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም። ከጠዋት ጀምሮ ቁጣ ብቻ የመሰላት ነገር ግማሹ ፍርሃት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት።

«እዚህ ጋ ነው» አለ። «እናቴ ‹ልጄ› ያለችው እዚህ ጋ ነው። ሌላ ምንም አላለችም።»

«ይቅር በለኝ።»

«አልልሽም። ዛሬ አልልሽም። ነገንም እንጃ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጠዋት ወንድምሽን ስጠላ ተመችቶኝ ነበር። አሁን ማንን ልጥላ? አፍረሽብኛል። እናቴን ሰብረሽብኛል። ግቢ ውስጥ እጅሽ እየደማ ዲስኩን ስትፈትጊ ቆሜ ሳይሽ፣ እስቲ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እኔም ልፈርባት አልኩ። እንድንተካከል። ሞከርኩ። አቃተኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።»

ፋርማሲስቷ የጠቆሩ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱ አላባበላትም፤ ግን ውረጂም አላላትም። ከኋላቸው የመጣ መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋባቸው፤ ሁለቱም አልዞሩም።